አርባ ሳንቲ ሜትር

ኢዮስያስ ባሕሩ የሚስቱን አዝራር ያነበበው እንደ ሁልጊዜው ዓርብ ጠዋት፣ ከሌሎች ሠላሳ አዝራሮች ጋር ነበር።

አዝራር ይሉታል እንጂ የልብስ አዝራር አይደለም። ከአንገት አጥንት ሥር ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። ዘመኑ 2081 ዓ.ም. ነው፤ ከአሰላ ወጣ ብሎ በጭላሎ ግርጌ በተሠራው የኑክሌር ሕክምና ማዕከል የሚሠራ ሁሉ፣ ከሐኪሙ እስከ ልብስ አጣቢዋ፣ ከአዝራሩ ጋር ይታጠባል፣ ከአዝራሩ ጋር ይተኛል። ድሮ የሚመዘግበው ሠራተኛው በወር የተቀበለውን የጨረር ድምር ብቻ ነበር ይባላል። አሁን ደቂቃ በደቂቃ ይጽፋል። በሽተኛው የወሰደው መድኃኒት መጠን ስለሚታወቅ፣ ሠራተኛው ከበሽተኛው ምን ያህል ርቆ እንደቆመ ከዚያው ይወጣል።

ኢዮስያስ የማዕከሉ የጨረር ጥበቃ ኃላፊ ነው። የትኛዋ ነርስ በሽተኛ እንደምትፈራ፣ የትኛው ሐኪም ጉብኝቱን በር ላይ ቆሞ እንደሚጨርስ፣ ከሁሉም በፊት የሚያውቀው እሱ ነበር። ዐውቆ ዝም ማለትም የሥራው ግማሽ ነበር። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቷል።

የዚያን ዕለት አሥራ ሰባተኛው አዝራር የሚስቱ የብሩክታዊት ነበር፤ የማዕከሉ ነርስ ናት። ማክሰኞ፤ ከአራት ሰዓት ከሃያ እስከ አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ፤ ክፍል አራት፤ ርቀት አርባ ሳንቲ ሜትር።

ወደሚቀጥለው አለፈ። ከዚያ ተመለሰ።

አሥራ አንድ ደቂቃ የማይሆን ነገር ነው። በአባቶቹ ዘመን ለአንድ ሠራተኛ በዓመት ሃያ ሚሊሲቨርት የነበረው የጨረር ጣሪያ መጀመሪያ አሥር ሆነ፣ ቀጥሎ አምስት፤ አሁን አንድ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ለበሽተኛ የሚወጋው ከጣሪያ የተንጠለጠለው የብረት ክንድ ነው። ምግብ የሚያቀርበውም፣ አንሶላ የሚቀይረውም እሱ ነው። ነርሷ ከወፍራሙ የእርሳስ መስታወት ጀርባ ቆማ በድምፅ ማጉያ «አይዞዎት» ትላለች። ወደ ውስጥ የሚገባ ቢኖር ለሃያ ሰከንድ ነው፤ ያም ሰው ከወደቀ ነው።

ኢዮስያስ ያለፉትን ሳምንታት ከፈተ። ባለፈው ማክሰኞም አሥራ አንድ ደቂቃ። ከዚያ በፊት በነበረውም ማክሰኞ ዘጠኝ። ሰዓቱም ክፍሉም ያው። በሽተኛው ሱራፌል ገረመው የሚባል የአርባ አራት ዓመት ሰው ነው፤ አንጀቱ ላይ ዕጢ አለበት፤ በየማክሰኞው ጠዋት መድኃኒቱን በትንሽ በትንሹ ይወስዳል።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተቀመጠ። ሦስቱ ማክሰኞዎች ትዝ አሉት። በሦስቱም ቀን የብሩክታዊት አዝራር ቢጫ ሆኖ ነበር ወደ ቤት የገባችው። አዝራሩ ቢጫ የሆነበት ሰው እስከ ማግስቱ ንጋት ድረስ ከቤተሰቡ ሁለት ሜትር መራቅ አለበት። ጨረር ያገኘው ሰው ራሱ ጨረር አይረጭም፤ ይህን ኢዮስያስ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ሠራተኛ የመድኃኒት ጠብታ በጫማዋ ይዛ ቤቷ ገባች፣ ልጇም በዚያው ወለል ላይ ሲድህ ዋለ ተባለና ደንቡ ወጣ፤ ደንብ ደግሞ አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገባም። እሱም የደንብ ሰው ነውና ሚስቱን በሦስቱም ማክሰኞ ከጠረጴዛው ማዶ አስቀምጦ አብልቷታል፤ ደህና እደሪ ብሎ ወደ ትንሿ ክፍል ሸኝቷታል። ሥራ በዝቶባት ነው ብሎም አዝኖላታል።

ለካስ እሱ ሁለት ሜትር ሲርቃት፣ ሌላ ሰው አርባ ሳንቲ ሜትር ላይ አግኝቷት ነው የምትመጣው።

የዚያን ቀን ማታ ብሩክታዊት በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ሠርታ ጠበቀችው። የገብሱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። አዝራሯ አረንጓዴ ስለነበር አጠገቡ ተቀመጠች።

«ማክሰኞ ማክሰኞ ሥራ ይበዛብሻል መሰለኝ» አላት።

«እንደ ወትሮው ነው።»

«ክፍል አራት ማን አለ?»

እጇ ከሳህኑ ላይ ትንሽ ዘገየ። «በሽተኛ ነዋ፣ ኢዮስ። ሌላ ማን ይኖራል?»

ከዚያ በላይ አልጠየቃትም። ጩኮውን ሳይጨርስ ተነሣ።

በቀጣዩ ማክሰኞ አራት ሰዓት ሲሆን፣ የመስታወቱን መጋጠሚያ ለመመርመር ነው ብሎ መሣሪያ ይዞ ወደ ክፍል አራት ኮሪደር ወረደ። ምርመራው የዚያ ሳምንት አልነበረም። ድምፅ ማጉያው ተዘግቷል። በመስታወቱ በኩል አያቸው።

የብረቱ ክንድ ወደ ጣሪያው ታጥፎ ተሰቅሏል። ብሩክታዊት የእርሳስ ሽርጧን ለብሳ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ የሰውዬው ክንድ ጉልበቷ ላይ ነው። ሰውዬው ከስቷል፤ ግን በክሳቱ ውስጥ መልከ መልካምነቱ አልጠፋም፤ እንዲያውም ዓይኖቹን አጉልቶታል። ጣቶቿ ክንዱን በቀስታ እየዳሰሱ ወረዱ፤ አንድ ቦታ ቆሙ፤ መርፌው ገባ። ከዚያ መነሣት ነበረባት። አልተነሣችም። ሰውዬው አንድ ነገር አላት፤ እሷም አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች።

ኢዮስያስ ያንን ሳቅ ያውቀዋል። በተጋቡ ሰሞን የነበረ ሳቅ ነው። መቼ እንደጠፋ ልብ አላለውም ነበር፤ አሁን በመስታወት በኩል ድምፁን ሳይሰማ ሲያየው ነው መጥፋቱን ያወቀው። መሣሪያው እጁ ላይ ዜሮ እያነበበ፣ እሱ ቆሞ እየተቃጠለ፣ አሥራ አንዱን ደቂቃ እስከ መጨረሻው ጠበቀ።

ከሰዓት በኋላ ትእዛዙን ጻፈ። ሥልጣኑ አለው፤ የጨረር ልኳ ያለ በቂ ምክንያት ያሻቀበ ሠራተኛን ወደ ውጪው ሕንፃ ማዛወር ይችላል። «ለሠራተኛዋ ደኅንነት ሲባል» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ። ብሩክታዊት ከማግስቱ ጀምሮ የበሽተኞች መቀበያ ላይ እንድትሠራ ተደረገ። እንዲህ የተዘጋ ወደ ክፍሎቹ የመግቢያ ፈቃድ ስድስት ወር ሳይሞላው አይከፈትም፤ የዘጋው ሰው ራሱ ቢለምንም አይከፈትም።

ቤት ስትገባ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም።

«ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«ለራስሽ ነው፣ ብሩክቲ። በአራት ሳምንት ውስጥ የዓመቱን ሲሶ ጨረስሽው።»

«ኃላፊው ነው የሚያናግረኝ ወይስ ባሌ?»

«ሁለቱም።»

«ሁለቱም አንድ ላይ አይሆኑም። አንዱን ምረጥና ጠይቀኝ፤ እመልስልሃለሁ።»

መጠየቅ ፈለገ። ግን ጠይቆ መልሱን መስማት፣ ሳይጠይቅ ከማወቅ ይልቅ አስፈራው። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

«እሺ» አለች ብሩክታዊት። «ለኃላፊው ልንገረው እንግዲህ። የዚያን ሰውዬ ደም ሥር የብረቱ ክንድ አያገኘውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ቦታ ሲወጋ ኖሮ ደንድኗል፤ ይሸሻል። በእጅ ካልተዳሰሰ አይገኝም።»

«ክንዱ የሁሉንም ሰው ያገኛል።»

«የእሱን አያገኝም እያልኩህ ነው!»

«ደጋግመሽ ብትነኪው ነው እንዲህ ያወቅሽው» አለ ኢዮስያስ፤ ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱንም አስደነገጠው።

ብሩክታዊት የዚያን ዕለት ሌሊት ወደ ትንሿ ክፍል የገባችው ደንብ አስገድዷት አልነበረም።

ሳምንቱ አለፈ። ማክሰኞ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሲስተር አያንቱ ሳታንኳኳ ቢሮው ገባች። የክፍሎቹ ኃላፊ ናት፤ ስልሳን ያለፈች፣ መርፌ ሁሉ በእጅ ይወጋ የነበረበትን ዘመን የምታስታውስ የመጨረሻዋ ሴት። ተቀመጪ ቢላት አልተቀመጠችም።

«የብረቱ ክንድ አምስቴ ወጋው» አለች። «አራቱን ሳተ። አምስተኛውን አገኘሁ ብሎ መድኃኒቱን ለቀቀ። ከደም ሥሩ ውጪ ነው የለቀቀው፣ ልጄ፤ ሥጋው ውስጥ። እኛ ከመስታወት ጀርባ ቆመን እናያለን። እስኪቆም ድረስ ግማሹ ፈስሷል።»

«አሁን እንዴት ነው?»

«እንዴት ይሆናል? ደም ሥር ውስጥ ቢገባ በመላ አካሉ ተበትኖ ዕጢውን ይፈልግ የነበረው ነገር አንድ ቦታ ተቀምጦ እያቃጠለው ነው። ክንዱ ከክርኑ በታች አብጧል። ቆዳው ይላጣል፤ ምናልባትም ይቆስላል።» መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጫፍ ጠረገችው። «ያቺ ልጅ በእጇ እንድትወጋው የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ደንብ ጥሼ ነው። አንተ ጠይቀኸኝ ቢሆን ይህንኑ እነግርህ ነበር። ለምን አልጠየቅከኝም?»

ሲስተር አያንቱ መነጽሯን መልሳ አድርጋ ፊቱን አየች፤ ሁሉም ነገር የገባት መሰለ። «ውይ» ብቻ አለችና ወጣች።

ብሩክታዊትን ያገኛት ከውጪው ሕንፃ በስተጀርባ፣ የገብሱ ማሳ በሚጀምርበት አጥር ዘንድ ነው። ወሬው ቀድሞት ደርሷል፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ባልሽ ነኝ» አላት። «አሁን ልጠይቅሽ።»

«አሁን?»

«አሁን። ማነው?»

አጥሩን ይዛ ማሳውን እያየች ነገረችው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ድሬዳዋ ስትማር፣ ሱራፌል ሊያገባት ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ እሺ ብሎ ነበር። ከዚያ ሰውዬው ባሕር ማዶ ሥራ አገኘና በሁለት ወር እመለሳለሁ ብሎ በዚያው ቀረ። ዘንድሮ በመጋቢት የክፍሉ በር ተከፍቶ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ መጀመሪያ አላወቀችውም፤ ስሙን ስታነብ ነው ያወቀችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የመጀመሪያውን ቀን ልነግርህ ነበር። ቢጫ ሆኜ ገባሁ፤ አንተ ደግሞ ከዚያ ማዶ ሆነህ ርቀቱን በዓይንህ ለካኸው። እንዲህ ያለ ነገር በሁለት ሜትር አይነገርም አልኩ። በማግስቱ ደግሞ ረፍዷል አልኩ።»

«መርፌ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ብሩክቲ። ዘጠኙስ?»

«ዘጠኙን እናወራለን። ከሰው ጋር በእውን ተቀምጦ የሚያወራው በሳምንት ያችን ታህል ነው።»

«ስለምን?»

«ስለ ድሮ። ስለ በሽታው። ስለ አንተም።»

«ስለ እኔ ምን?»

ዞር ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። «‹ባልሽ ይሄን ሁሉ ደቂቃ እዚህ ስትቀመጪ አይቀናም ወይ› ብሎ ጠየቀኝ። ‹የኔ ባል ቀናተኛ አይደለም፤ ሥራዬን ያውቃል› አልኩት። ስቀንም ነበር።»

ኢዮስያስ አጥሩን ተደገፈ። በመስታወቱ ያየው ሳቅ ያ ይሁን ሌላ አልጠየቀም። ነፋሱ ገብሱን አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ አስተኛው።

በማግስቱ የማዕከሉ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ያደረገውን ተናገረ። ትእዛዙን የጻፍኩት ለደኅንነቷ አይደለም፣ ቀንቼ ነው አለ። ሰብሳቢዋ ደጋግማ ጠየቀችው፤ ደጋግሞ ያንኑ አለ። በደንቡ መጽሐፍ ውስጥ ቅናት የሚባል የጥፋት ዓይነት ስላልነበረ ቃለ ጉባኤው ላይ «የግል ምክንያት» ተብሎ ተጻፈ። ከኃላፊነቱ ተነሣ። የአዝራር ማንበቢያው ቁልፍ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እስኪወሰን ድረስ ደመወዝ የሌለው ዕረፍት ይውጣ ሲባል ግን ሲስተር አያንቱ እጇን አወጣች።

«ለዚያ ሰውዬ የሚወጋው ሰው ያስፈልጋል። የልጅቷ ፈቃድ ተዘግቷል። የኔን እጅ እዩት፤ ይንቀጠቀጣል። ሌሎቹ በእጅ ወግተው አያውቁም። ይሄ ሰው ኃላፊ ከመሆኑ በፊት አራት ዓመት ይወጋ ነበር። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ቢሮ ነው የተቀመጠው፤ ከጨረር ጣሪያው ምንም አልነካም።»

በሽተኛው ይጠየቅ ተባለ። ሱራፌል ተጠየቀ። «ይምጣ» አለ።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ኢዮስያስ የእርሳሱን ሽርጥ ለበሰ። ክብደቱን ከረሳው ቆይቷል፤ ትከሻውን ወደ ታች ሳበው። ከመስታወቱ ጀርባ ብሩክታዊት ቆማለች። ወደ ክፍሉ መግባት ነው የተከለከለችው፤ መስታወት ጋ መቆም አልተከለከለችም። ድምፅ ማጉያው ተከፍቷል።

ሱራፌል ግራ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ቀኙን ትራስ ላይ ዘርግቶ ጠበቀው።

«እንደምን አደሩ» አለ ኢዮስያስ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ባለቤቷ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።» በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሊለው ያዘጋጀው ነገር ነበር፤ በአደባባይ የሚያምር ረጅም ይቅርታ። ፋሻውን ሲያይ ጠፋበት። «ክንድዎን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«የብረቱ ክንድ ነው ያቃጠለኝ።»

«ደም ሥርዎን እንደማያገኘው ተነግሮኝ ነበር።»

ሱራፌል «በል ና፣ ቀረብ በል» አለው፤ አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። «ከዚህ ርቀህ አትወጋኝም።»

ኢዮስያስ ቀረበ። ከሰውዬው አፍ የመድኃኒቱ የብረት ሽታ መጣ። ክንዱን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቆዳው ስስ ነበር፤ ከሥሩ የሚዳሰሰው ሁሉ ጅማት ይመስላል።

«ከክርኑ በታች ሁለት ጣት ውረድ» አለች ብሩክታዊት በማጉያው። ድምፅዋ የሥራ ድምፅ ነበር። «ወደ ውስጥ ዘወር ይላል። አትጫነው፤ ስትጫነው ይሸሻል።»

ፈለገ። አጣው። ሚስቱ የሌላ ሰው ገላ ውስጥ ያለውን መንገድ እንዲህ አድርጋ ማወቋ ደረቱን ወጋው፤ ግን ጣቱን አላነሣም። እንደገና ከላይ ጀመረ። የሆነ ቦታ ላይ አንድ ቀጭን ነገር ከጣቱ ሥር ትር አለ።

«አገኘሁት።»

«ያዘው እንግዲህ፤ እንዳይሄድብህ።»

መርፌውን አነሣ። በዚያች ቅጽበት ለምን እንደጠየቀ ኋላም ራሱን ጠይቆ አላወቀም። ዓይኑን ከክንዱ ላይ ሳያነሣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትወዳት ነበር?» አለው።

ማጉያው ክፍት እንደሆነ ሱራፌል ያውቃል። ወደ መስታወቱ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ኢዮስያስ።

«ነበር አትበል» አለ። «ዛሬም እወዳታለሁ። ጥያት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ምንም የምጠይቀው የለኝም። ግን ጠይቀኸኛል፤ ለምን እዋሽሃለሁ? ለመዋሸት የሚበቃ ጊዜ የለኝም።»

ኢዮስያስ መርፌው በእጁ፣ የሰውዬው ደም ሥር በጣቱ ሥር ነው። ትንሽ ቢያዘነብል፣ የገብስ ቅንጣት ታህል ቢስት፣ ማንም አውቆ ነው አይለውም።

«እጅህን አታንቀሳቅስ» አለው።

መርፌው ገባ። ደሙ በቱቦዋ ውስጥ ቀይ ሆኖ ብቅ አለ።

«ገብቷል» አለች ብሩክታዊት። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። «አሁን ቀስ ብለህ ግፋው፣ ኢዮስ። ቀስ።»

ቀስ ብሎ ገፋው። መድኃኒቱ አልቆም አልተነሣም፤ ሱራፌል መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ክንዱን ይዞለት ቆየ። ሲያቆም ብቻ ተነሣ።

በሰኔ ሱራፌል ሕክምናውን እስኪጨርስ ድረስ ኢዮስያስ ሰባት ማክሰኞ ወጋው። አንድም ጊዜ አልሳተም። የግራ ክንዱ ቁስል ግን ጠባሳ ሆኖ ቀረ፤ ሁለቱ ጣቶቹም እንደ ድሮው አይታጠፉለትም ነበር። ኢዮስያስና ሱራፌል ጓደኛሞች አልሆኑም።

የመጀመሪያውን መርፌ በወጋበት ዕለት ኢዮስያስና ብሩክታዊት በአውቶቡስ መሄድ አልቻሉም። የእሱ አዝራር ቢጫ ሆኗል፤ ቢጫ አዝራር ያለበትን ሰው አውቶቡሱ በሩን አይከፍትለትም። በገብሱ ማሳ መካከል በሚያልፈው መንገድ በእግራቸው ወረዱ። እሱ በአንደኛው ዳር፣ እሷ በሌላኛው። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ብርቱ ስለነበረ ካልጮሁ አይደማመጡም።

ግማሹን መንገድ እንዲህ ሄዱ። ከዚያ ኢዮስያስ ቆመ።

«እኔ ግን ቀንቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። «አሁንም እየቀናሁ ነው!»

ብሩክታዊትም ቆመች። ከኋላቸው በትንሽ ትራክተር የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ፍጥነታቸውን ቀነሱ።

«ቀስ በል፤ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! እንደዚያ ስትስቂ ካየሁሽ ስንት ዓመት ሆነኝ? ለእሱ ሳቅሽለት!»

«ያስቀኝ ነበራ! አንተ አዝራሬን እንጂ እኔን መቼ ታያለህ?»

«ከዛሬ ወዲያ አዝራርሽን የማይ እኔ አይደለሁም!»

«እንግዲያው ጠይቀኛ!»

«እየጠየቅኩሽ ነው! እሱ እወዳታለሁ ሲል አንቺ ምን ተሰማሽ?»

ነፋሱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ አመጣው። ገልጣ አየችው። ሽማግሌው ትራክተራቸውን ጨርሰው አቁመዋል።

«ደስ አለኝ!» ብላ ጮኸች። «አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ! ከዚያ ያንተን እጅ አየሁ። መርፌውን እንዳታዘነብለው ፈራሁ። ሳታዘነብለው ስትቀር ግን…» ቀሪውን ነፋሱ ወሰደው።

«አልሰማሁሽም!» አለ ኢዮስያስ።

«ይሂዱና አጠገቧ ቆመው ይስሟት እንጂ!» አሉ ሽማግሌው፤ ስለ ቢጫ አዝራር ደንብ የሰሙት ነገር ያለ አይመስልም።